«በየሳምንቱ ቤት» የሚባለው የሪጅናል ሥራ ምን ይዞ ይመጣል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሲዲኤል ክላስ ኤ (የከባድ ትራክ መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ አንድ ዓመት አለፈኝ። እስካሁን የምነዳው ኦቲአር (አገር አቋራጭ የረጅም ርቀት ሥራ) ነው፣ ሦስትና አራት ሳምንት እየወጣሁ። ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የምንኖረው አትላንታ አካባቢ ነው። አሁን አንድ ካምፓኒ የሪጅናል ሥራ፣ ማለትም በአንድ አካባቢ ስቴቶች ውስጥ ብቻ የሚነዳ፣ አቅርቦልኛል። ሳውዝኢስት ብቻ፣ ድራይ ቫን (ማቀዝቀዣ የሌለው ዝግ ትሬለር)፣ በማይል 60 ሳንቲም፣ በየሳምንቱ ቤት ይላል። ገቢዬ ይቀንስ ይሆን? እውነት በየሳምንቱ ቤት እገባለሁ? ሥራው ይቀላል ወይስ ይከብዳል? ካልተስማማኝስ ወደ ኦቲአር መመለስ እችላለሁ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አጭሩን ልንገርህ። ማይልህ ይቀንሳል። ቤትህን ታያለህ። ሥራው ግን አይቀልም፤ ድካሙ ዓይነቱን ይቀይራል እንጂ። ኦቲአር ላይ የሚያደክምህ ርቀቱ ነው። ሪጅናል ላይ መጠበቁ፣ ባክ ማድረጉ (ትሬለሩን ወደ ኋላ ማስገባቱ) እና የፓርኪንግ ፍለጋው ነው። በእኔ እይታ የሪጅናል ሹፌር ገቢ የሚወሰነው ሃይዌይ ላይ ሳይሆን ዶክ ላይ፣ የመጋዘኑ መጫኛና ማራገፊያ በር ላይ ነው። ማስታወቂያው ስለ ማይል ያወራል። አንተ ስለ ሰዓት ጠይቅ።

በቅድሚያ «ሳውዝኢስት» ሲሉ የትኞቹን ስቴቶች ማለታቸው እንደሆነ በጽሑፍ ያሳዩህ። አንዱ ካምፓኒ ጆርጂያን፣ አላባማን፣ ቴነሲን፣ ሁለቱን ካሮላይናዎችና ፍሎሪዳን ብቻ ይላል። ሌላው ቨርጂኒያንና ኬንታኪን ይጨምራል። አንዳንዱ ደግሞ «አልፎ አልፎ» እያለ ኒው ጀርሲ ይሰድሃል። ኒው ጀርሲ ደርሶ መልሱ የሳምንቱን የመንዳት ሰዓትህን ግማሽ ይወስዳል። መንገዱም ቶል ነው፣ ዝቅ ያለ ድልድይ ነው፣ ፓርኪንግ የለም። አልፈህ ኒው ዮርክ ከገባህ ደግሞ ፓርክዌዮቹ ለትራክ ጭራሽ የተከለከሉ ናቸው። «አልፎ አልፎ» ማለት በወር ስንቴ እንደሆነ አስቆጥራቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «በየሳምንቱ ቤት» ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ዓርብ አብረን እንቁጠር። ሰዓቱን ኢኤልዲህ (የሥራ ሰዓትህን የሚመዘግበው መሣሪያ) ላይ እንደምታየው በኤኤምና በፒኤም ነው የምጽፈው።

ሐሙስ ማታ ሻርለት አደርክ እንበል። ዓርብ 5 ኤኤም ላይ ፕሪትሪፕ (ከመነሳት በፊት ያለውን የትራክ ፍተሻ) ጀመርክ። ሕጉ ለሥራ ቀንህ የሚሰጥህ የ14 ሰዓት ቆጠራ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይሮጣል፣ 7 ፒኤም ላይ ያልቃል። 8 ኤኤም ስፓርታንበርግ አፖይንትመንት አለህ፤ 7 ኤኤም አካባቢ ደረስክ። በር ሰጡህ፣ ባክ አደረግክ፣ ትጠብቃለህ። ወረቀቱ ተፈርሞ ስትወጣ እኩለ ቀን ሆኗል። ቀጣዩ ሎድ (ጭነት) ግሪንቪል ነው፣ ጎረቤት ማለት ነው፤ 1 ፒኤም ሳይሞላ ደረስክ። «ሎዱ ዝግጁ ነው» ተብለህ ነበር። ፎርክሊፍቱ ገብቶ ትሬለርህን መነቅነቅ የጀመረው ግን 3 ፒኤም ላይ ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንጉን (የጭነቱን ሰነድ) ይዘህ ከግቢው የወጣኸው 4:30 ፒኤም።

ከግሪንቪል አትላንታ 145 ማይል ገደማ ነው፣ በደህናው ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል። ግን ዕለቱ ዓርብ ነው፣ መንገዱም አይ-85 ነው። 6:45 ፒኤም ላይ ብራዝልተን ጋ ኢኤልዲው መጮህ ይጀምራል። ከቤትህ 45 ማይል ቀርቶሃል። ስክሪኑን ስታየው 11 ሰዓት መንዳት ከተፈቀደልህ ውስጥ የነዳኸው አራት ሰዓት ከምናምን ብቻ ነው። የ14ቱ ሰዓት ግን አልቋል። ቦታ ፈልገህ ቆምክ። ባለቤትህ ደውላ «የት ደረስክ?» ስትልህ «እዚሁ ነኝ» ትላለህ። እውነትህን ነው። ግን የምትገባው 10 ሰዓት አርፈህ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ይህ መጥፎ ካምፓኒ የሚያመጣው ነገር አይደለም። የተለመደ ዓርብ ነው። ሕጉ 11 ሰዓት መንዳትን በ14 ሰዓት መስኮት ውስጥ ነው የሚፈቅደው፣ መስኮቱ ደግሞ አንተ ዶክ ላይ ስለተኛህ አይቆምም። ኦቲአር ላይ እያለህ ይህ ብዙም አልጎዳህም፤ ከሜምፊስ አሪዞና እስክትደርስ አንድ ጊዜ ጭነህ አንድ ጊዜ ነው የምታራግፈው። ሪጅናል ላይ በቀን ሁለትና ሦስት ዶክ ልትነካ ትችላለህ። እያንዳንዱ ዶክ መስኮቱን ይቆርሳል።

መላ የለውም ወይ? አለ። ከ2020 ጀምሮ ባለው ሕግ የ10 ሰዓቱን እረፍት ስሊፐር (ትራኩ ውስጥ ያለው መኝታ) ላይ እንዲህ ለሁለት መከፋፈል ይፈቀዳል፤ 7 እና 3፣ ወይም 8 እና 2። ረጅሙ ክፍል ስሊፐር ውስጥ መሆን አለበት፣ ሁለቱ ተደምረው 10 ሰዓት መሙላት አለባቸው፣ በትክክል ከተጣመሩ ደግሞ ሁለቱም ከ14ቱ አይቀነሱም። ስፓርታንበርግ የቆምክባቸውን አራት ሰዓታት ከሥራ ነፃ ሆነህ ስሊፐር ብለህ መዝግበህ ቢሆን ኖሮ ያ ዓርብ ሊድን ይችል ነበር። «ኦን ዱቲ» (ሥራ ላይ) ብለህ ትተኸው ከነበረ ግን አለቀ። ይህን ስሌት ከሴፍቲ ክፍሉ ሰው ጋር ቁጭ ብለህ በምሳሌ ተማረው። ብዙ ሰው ስሙን ያውቃል፣ ሲሠራበት ግን ይሳሳታል፣ ስህተቱም ቫዮሌሽን ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትሞክር። ሰዓትህ ካለቀ በኋላ የቀረችህን 45 ማይል «ፐርሰናል ኮንቬያንስ» (ትራኩን ለግል ጉዳይ መንዳት) ብለህ መንዳት። ከተርሚናል ወደ ቤትህ መመላለስ በዚያ ስም ይፈቀዳል። ዶክ ላይ ሰዓት አልቆብህ ቅርብ ወዳለ ደህና ማረፊያ መሄድም ይፈቀዳል። ሎድ ጭነህ፣ ሎዱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ማይል ለመቀነስ መንዳት ግን አይፈቀድም። ኢንስፔክተሩ የሐሰት ሎግ ብሎ ነው የሚያነበው።

ቅዳሜ ጠዋት ከገባህ በኋላ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። በ8 ቀን 70 ሰዓት ከሠራህ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የሚመልሰው ተከታታይ 34 ሰዓት እረፍት ነው። 6:30 ኤኤም ላይ ቁልፍ ካጠፋህ እሑድ 4:30 ፒኤም ላይ 34ቱ ይሞላል። ሎድ የሚመድብልህ ዲስፓቸር ይህን ከአንተ ቀድሞ ያውቃል። ሰኞ ጠዋት 6 ኤኤም በርሚንግሃም አፖይንትመንት ከያዘልህ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ሳይነጋ ወጣህ ማለት ነው። ስለዚህ ጠያቂ ሁን፤ «ዊክኤንድ» የሚሉት 34 ሰዓት ነው ወይስ 48? ከየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ? «ቤት» ማለትስ ቤቴ ነው ወይስ ያርዱ (ትራኩ የሚቆምበት የካምፓኒው ግቢ)?

ሌላም አለ፤ ብዙ አዲስ ሹፌር አያስተውለውም። በቀን ከስምንት ሰዓት ተኩል ብዙም ካላለፍክ 70ውን ሳትጨርስ ሳምንቱ ያልቃል። ያኔ 34ቱን የመውሰድ ግዴታ የለብህም፣ ከስምንት ቀን በፊት የሠራኸው ሰዓት እየተመለሰልህ መቀጠል ትችላለህ። ለካምፓኒው ጥሩ ነው፣ ለቤተሰብህ ላይሆን ይችላል። «ሰዓት አለህ እኮ፣ ቅዳሜ አንዲት አጭር ሎድ ብቻ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የቤት ጊዜህ ሕጉ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ አንድ ቀን ይወድቃል። ውሉ ላይ ይጻፍ።

ወደ ገንዘቡ እንግባ። በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፣ በአንተ ፔይቼክ ተካቸው። ኦቲአር ላይ በሳምንት 2,700 ማይል በ55 ሳንቲም ብትነዳ 1,485 ዶላር ነው። ሪጅናል ላይ 2,000 ማይል በ60 ሳንቲም 1,200 ዶላር ይሆናል። ማይሉ ላይ አምስት ሳንቲም ጨመሩልህ፣ በሳምንት ግን 285 ዶላር ቀነሰ። ያንን 1,200 ዶላር በዶክ ላይ ቆይታህ ጭምር በ60 ሰዓት ብታካፍለው በሰዓት 20 ዶላር ነው። ለማነጻጸሪያ፣ የአሜሪካ የሌበር ስታትስቲክስ ቢሮ ለ2024 ያወጣው የከባድ ትራክ ሹፌሮች መካከለኛ የዓመት ገቢ 57,440 ዶላር ነው። ከላይ ያለው 1,200 ሳይቋረጥ 52 ሳምንት ቢመጣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ግን ማን ነው 52 ሳምንት ሳያርፍ የሚነዳ?

ስለዚህ 60 ሳንቲሟን ትተህ የቆይታውን ክፍያ ጠይቅ። የፌዴራሉ የኦቨርታይም ሕግ ስቴት አቋርጦ የሚሠራ የከባድ ትራክ ሹፌርን አይሸፍንም። ዶክ ላይ ስድስት ሰዓት ብትቀመጥ የሚከፈልህ ውልህ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ዲቴንሽን (የዶክ ቆይታ ክፍያ) አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው። በሰዓት ስንት? የሚከፈለኝ ደንበኛው ለካምፓኒው ሲከፍል ብቻ ነው ወይስ ቢከፍልም ባይከፍልም? ይህች ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። «ደንበኛው ሲከፍል» ካሉህ ብዙውን ጊዜ አታገኘውም ብለህ አስላ። የስቶፕ (ለተጨማሪ ማቆሚያ)፣ የሌይኦቨር (ሎድ ስትጠብቅ ለምታድርበት)፣ የብሬክዳውን (ትራኩ ሲበላሽ) ክፍያ አለ? ባዶ ትሬለር የምትጎትትበት ማይል እኩል ይከፈላል? የሚከፈለው በየትኛው የማይል አቆጣጠር ነው፣ ትራክ በእውነት በሚሄድበት መንገድ ነው ወይስ ከከተማ ከተማ ባጠረው? ባጠረው መንገድ ከሆነ በየሎዱ ከነዳኸው በታች ይከፈልሃል፤ በዓመት ሲደመር ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው የሳምንት ዋስትና ያለው ሥራ ነው። «ማይሉ ቢወርድም ባይወርድም በሳምንት ይህን ያህል አይጎድልብህም» የሚል። እንዲህ ያለ ካምፓኒ ዶክ ላይ ስትቀመጥ እሱም ይቸገራል፤ ስለዚህ ቶሎ እንድትወጣ ደንበኛው ላይ ይደውላል። ዋስትና ከሌለ መቆምህ የአንተ ችግር ብቻ ነው።

በማኅበረሰባችን ውስጥ አንድ ነገር በዝቷልና ልናገር። በካምፓኒው ትራክ፣ ካምፓኒው በሚልክህ ቦታ፣ እሱ በሚለው ሰዓት እየነዳህ 1099 (ተቀጣሪ ሳይሆን የራስህ ተቋራጭ የሚያደርግህ የታክስ ፎርም) የሚሰጥህ አለ። በእጅህ የሚገባው ቼክ ወፈር ያለ ይመስላል። ታክስ ሲመጣ ግን 15.3 ከመቶ የሚሆነውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ አንተ ብቻህን ነው የምትሸከመው። ሥራ ብትፈታ አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥነት ድጎማ) ለማግኘት ትቸገራለህ፣ ብትጎዳም ወርከርስ ኮምፕ (የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ) እንደዚያው። ሁለት ልጅ ያለው ሰው ደብልዩ-2 (የተቀጣሪ ደመወዝ ፎርም) ይፈልግ። «ሊዝ ፐርቸዝ ግባና የራስህ ትራክ ይኑርህ» ካሉህ፣ ማለትም ትራኩን ከካምፓኒው ተከራይተህ ቀስ በቀስ ግዛው ካሉህ ደግሞ አመስግነህ ውጣ። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የትራክ ሊዝ ግብረ ኃይል በ2025 መጀመሪያ ላይ ያቀረበው ሐሳብ ኮንግረሱ ይህን አሠራር እንዲያግደው ነበር።

ፐር ዲየም የሚባለውንም እወቀው። ከማይልህ ላይ የተወሰነው ሳንቲም ታክስ የማይነካው ተደርጎ ይከፈልሃል። የሳምንቱ ቼክ ያድጋል፣ ግን ደብልዩ-2 ላይ የሚታየው ደመወዝህ ያንሳል። በዓመት ሁለት ዓመት ውስጥ ቤት ልትገዛ ካሰብክ ባንኩ የሚያየው ያነሰውን ነው። ካላሰብክ ጥቅም አለው።

ሥራው ይቀላል ወይ ላልከው፣ ድራይ ቫን መሆኑ ጥሩ ነው። ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ትሬለር) ቢሆን የግሮሰሪ መጋዘን ደጅ ላይ ሌሊቱን ታድር ነበር። ጠይቀህ ማወቅ ያለብህ ግን ምን ያህሉ ድሮፕ ኤንድ ሁክ ነው የሚለውን ነው። ትሬለር ጥለህ ሌላ አንስተህ የምትወጣ ከሆነ ከላይ ያየነው ዓርብ አይደርስብህም፤ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ነው። አብዛኛው ላይቭ አንሎድ (እቃው እስኪራገፍ የምትጠብቅበት) ከሆነ ቆጥረህ ግባ። እቃውን አንተ ነህ የምታራግፈው? ለዶላር መደብሮች የሚያደርስ «ሪጅናል ዴዲኬትድ» የሚባል ሥራ አለ፤ ማይሉ ትንሽ ነው፣ ክፍያው ያጓጓል፣ ግን ጎማ ያለውን የእቃ ጋሪ ከትሬለር ወደ ሱቁ የምትገፋው አንተው ነህ። ወገቡን የሚወድ ሰው ያስብበት።

ባክ ማድረግ የሪጅናል ሹፌር የዕለት ሥራ ነው። ኦቲአር ላይ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ታደርገው የነበረውን አሁን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ታደርገዋለህ። በአብዛኛው ለሰፊ ትራክ ባልተሠራ ግቢ፣ አንዳንዴም መንገድ ዘግተህ፣ ከኋላህ መኪና እየነፋብህ። ትናንሾቹ አደጋዎች የሚደርሱት እዚህ ነው፤ የቆመ ትራክ መስተዋት፣ ቢጫ ፖል፣ የአጥር በር። ጉዳቱ ጥቂት መቶ ዶላር ይሆናል፣ ግን ስምህ ላይ ይመዘገብና ቀጣዩ ካምፓኒ ያየዋል። ስለዚህ ውረድና እይ። ቢነፋብህም ውረድ። ሁለቴም ሦስቴም ውረድ። ሪጅናል ላይ ለዓመታት ንጹሕ ሪከርድ ይዘው የቆዩ ሰዎችን ሳይ የሚጋሩት ጠባይ ይህ ነው፤ ሲያፍሩ አላየኋቸውም።

መንገዱን ታውቀዋለህ ብዬ አልገምትም፤ ኦቲአር ሹፌር በዚህ አካባቢ ሲያልፍ ሌሊት ነው የሚያልፈው። አትላንታ ውስጥ የሚጭን ወይም የሚያራግፍ ካልሆነ በቀር ከባድ ትራክ ከተማዋን ከሚከበው አይ-285 ውስጥ ሰንጥቆ ማለፍ አይፈቀድለትም። በአይ-75 ወደ ሰሜን ዳልተን አለ፤ የምንጣፍ ከተማ ናት፣ የምንጣፍ ጥቅልል ደጋግመህ ትጭናለህ። ሳቫና ወደቡ አለ። በቻታኑጋና በናሽቪል መካከል በአይ-24 ስትሄድ ሞንቲግል ተራራ ይጠብቅሃል፤ ቁልቁለቱን ከመጀመርህ በፊት ማርሽህን አውርድ፣ ፍሬንህ ከጋለ በኋላ አይደለም። ከአሽቪል ወደ ኖክስቪል የሚወስደው የአይ-40 ሸለቆ መንገድ በመስከረም 2024 በሄሊን ሃሪኬን ጎርፍ ተወስዶ እስከ መጋቢት 2025 ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈትም በየአቅጣጫው አንድ ሌን ብቻ፣ በ35 ማይል ፍጥነት። ዲስፓቸሩ ማይሉን ያሰላው ማፑ ላይ ነውና መንገዱን ከመውጣትህ በፊት ራስህ እየው። ከሰኔ እስከ ኅዳር የሃሪኬን ወቅት ነው፤ አንድ ማዕበል ሲመጣ የሳምንቱ ፕላን ሁሉ ይገለበጣል።

ፍሎሪዳን ለብቻዋ ላንሳት። ብዙ ጭነት ወደዚያ ይገባል፣ ጥቂት ይወጣል። ጠግበህ ወርደህ ተርበህ ትመለሳለህ የሚባለው ለዚህ ነው። በፐርሰንት የሚከፈለው ሰው ይጎዳል። በማይል የምትከፈል ከሆነ ብዙ አትጎዳም፣ ግን ማያሚ አካባቢ ሎድ ስትጠብቅ ቀን ሊያልፍብህ ይችላል፤ የሌይኦቨር ክፍያ እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታወቀው። ስትገባም ስትወጣም ከሚዛኑ ሌላ የእርሻ ምርት ኢንስፔክሽን ጣቢያ አለ። አትለፈው፤ ያስከስሳል።

ፓርኪንግ። ኦቲአር ላይ በረሃ መሃል ገብተህ ታድር ነበር። ከሻርለት እስከ አትላንታ ባለው መስመር ግን ትራክ ስቶፖቹ አመሻሹ ላይ ይሞላሉ። ሪጅናል ሹፌር ሁሉ ከዶክ የሚወጣው በተመሳሳይ ሰዓት ነውና። ጠዋት ስትነሳ የማታውን ቦታ አስበህ ተነሳ። ስታራግፍ ጋርዱን «ማታ እዚህ ማደር ይቻላል?» ብለህ ጠይቅ፤ የሚፈቅድ ግቢ ካገኘህ ስሙን ማስታወሻህ ላይ ጻፍ። ለሚያስይዙት ቦታ ካምፓኒው ይከፍል እንደሆነም አጣራ። ቦታ አጥተህ የተተወ ነዳጅ ማደያ ውስጥ እንዳትገባ። በ2009 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጄሰን ሪቨንበርግ የተባለ ሹፌር ማራገፊያ ሰዓቱን እየጠበቀ እንዲህ ባለ ቦታ ቆሞ ነው ተገድሎ የተገኘው። በ2012 የወጣው የትራክ ፓርኪንግ ሕግ በስሙ የሚጠራው ለዚህ ነው። ሕጉ ወጣ፣ ቦታው ግን ዛሬም አይበቃም።

እንግሊዝኛህ እንዴት እንደሆነ አልነገርከኝም። ሪጅናል ላይ በቀን ሁለትና ሦስት ጋርድ፣ ሁለትና ሦስት የሺፒንግ ቢሮ ታነጋግራለህ፤ ያ ጥሩ ልምምድ ነው። ከሰኔ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ መንገድ ላይ ያስቆመህ ኢንስፔክተር በእንግሊዝኛ ጠይቆህ መመለስ ካልቻልክ፣ ወይም የመንገድ ምልክቱን ካልተረዳህ፣ እዚያው ከሥራ ያቆምሃል። አስተርጓሚም የስልክ አፕም አይፈቀድም። ከየት ተነሳህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ሰዓት ነዳህ፣ ትራኩ ላይ ብልሽት አለ ወይ። እነዚህን አፍህ ላይ እስኪመጡ ድረስ ከባለቤትህ ጋር ጮክ ብለህ ተለማመድ። ኤሌክትሮኒክ ምልክቶቹንም ጭምር፤ የሌን መዘጋት፣ የሚዛን ጣቢያ ክፍት መሆን።

ስለ ቤት ያልጠየቅኸኝን አንድ ነገር ልጨምር። ትራኩን የት ነው የምታቆመው? ብዙ አፓርታማና ሰፈር ቦብቴይል (ትሬለር ያልያዘ ትራክ) እንኳን አያስቆምም፤ ቶው ያደርጉታል። ያርዱ ከቤትህ አንድ ሰዓት ከሆነ ሲመጣም ሲሄድም ሁለት ሰዓት ከቤት ጊዜህ ይቀነሳል፣ የግል መኪናህም ሳምንቱን እዚያው ነው የምትቆመው፣ ባለቤትህ ያለ መኪና ማለት ነው። ይህን ከመፈረምህ በፊት አብራችሁ አስቡበት። ቅዳሜ ስትገባም የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ትተኛለህ። ልጆቹ ይህን እንዲያውቁት አስቀድመህ ንገራቸው። በሳምንቱ መሃል ያለ የትምህርት ቤት ዝግጅት እንደ በፊቱ ያመልጥሃል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ግን አብራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ኦቲአር ላይ ያ አልነበረህም።

ወደ ኦቲአር መመለስ ትችላለህ? በደንብ። አንድ ዓመት ልምድና ንጹሕ ሪከርድ ያለውን ሹፌር ኦቲአር ካምፓኒዎች ይቀበሉታል። ግን ገብተህ በሁለተኛው ወር አትውጣ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የትኛውም ሪጅናል ሥራ መጥፎ ነው፤ ዶኮቹን አታውቃቸውም፣ ዲስፓቸሩም አያውቅህም። ሦስተኛው ወር ላይ የትኛው መጋዘን እንደሚያቆይ፣ የትኛው ጋርድ እንደሚተባበር ታውቃለህ፤ ያኔ ፔይቼክህን ደምረህ ፍረድ። በአጫጭር ጊዜ ካምፓኒ የቀያየረ ሹፌር ማመልከቻው ላይ ያስታውቃል።

ስትለቅም በጽሑፍ አስታውቅና ትራኩን አጽድተህ፣ ነዳጁን እንዳለ፣ ተርሚናላቸው ድረስ አድርስ፤ ፎቶ አንሳ፣ ማስረከቢያውን አስፈርም። ተናደህ ትራክ ስቶፕ ላይ ጥለኸው ከሄድክ «ትራክ ጥሎ ጠፋ» ተብሎ የሥራ ታሪክ ሪፖርትህ ላይ ይገባል፣ ያን ያየ ካምፓኒ ደግሞ ምክንያትህን ሳይጠይቅ ነው ማመልከቻህን የሚያስቀምጠው።